በደመና ቀን የተጫጩ ይብራዎች

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ ስለ አንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ፣ ስለ ጥንድ ይብራዎችና ፊቱን ስላጠቆረ የጮቄ ሰማይ ነው።

አገሩ አማኑኤል ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደንበጫ ሳይደርስ የሚያገኛት፣ የማቻከል ወረዳዋ አማኑኤል። ከከተማዋ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ብትመለከቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለውን ጮቄን ታያላችሁ። ታያላችሁ ያልኋችሁ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ግንቦት ሲገባደድ ጮቄ ደመናውን ይከናነብና ከዓይን ይሰወራል። ከዚያ ተራራ ጨሞጋ ይወርዳል፣ ሙጋ ይወርዳል፣ ጀደብ ይወርዳል። ጀደብ በአማኑኤል በኩል ያልፍና ዞሮ ዞሮ ከዓባይ ይገባል። ታሪካችን ያለው ጀደብ ገና ወንዝ ሳይባል፣ ከጨፌው ሥር ሥር እየተንጠባጠበ በሚጠራቀምበት ከፍታ ላይ ነው።

ሰውየው በከተማዋ አነስተኛ ስቱዲዮ ያለው ወጣት ነው። ጎጃም ውስጥ የሠርግ ፎቶ አንሺ ፋታ የሌለው በጥር ነው፤ ከዚያም ዓቢይ ጾም አልፎ ፋሲካ ሲፈታ። የሰኔ ጾም ሲቃረብ ዳሱ ይፈርሳል፣ ሙሽራውም ሚዜውም ወደ እርሻው ይመለሳል። ልጁም በዚያን ጊዜ ረዥሙን ሌንሱን ይጠርግና ወደ ደጋው ይወጣል። የሚፈልገው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይን ነው፤ የደጋው ሰው ይብራ የሚላትን።

ስለዚህች ወፍ ትንሽ ልንገራችሁ። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በምድር ላይ ሌላ አገር የላትም። ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በፈረንጆች 1845 ለሳይንስ አስተዋወቃት። ዝይ ትባል እንጂ የዘር ምርመራ ያቀረባት በአፍሪካ ደን ወንዞች ከሚኖረው ከሃርትላውብ ዳክዬ ጋር ነው፤ በወገኗም ብቸኛ ናት። ቁመናዋ ከምንቁሯ እስከ ጅራቷ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ላባዋ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ሲሆን የደጋውን ብርድ የሚመክት ጥቅጥቅ ያለ ነው። ምንቁሯም እግሯም ጥቁር ነው። ጎንበስ ብላ ስትግጥ ያያት ሰው ሰማያዊ የሚባለው የቱ ነው ብሎ ይጠይቃል። ሰማያዊው ያለው በክንፏ የፊት ክፍል ላይ ነው፤ ክንፏን ስታጥፍ አብዛኛው ይደበቃል፣ ስትገልጥ ይታያል።

ደግሞ ከሰው አትሸሽም። የደጋው ክርስቲያን ይብራ አይበላም፤ ወንጭፉም ለገብስ ማሳው ጠላቶች እንጂ ለእሷ አልተዘጋጀም። ስለዚህ ከላሞችና ከበጎች መካከል ሣሯን ትነጫለች፤ እረኛውም በአጠገቧ ያልፋል፣ እሷም ቀና ብላ አይታው ወደ ግጦሿ ትመለሳለች።

ልጃችን ይህችን ወፍ በጥቅምት ብዙ ጊዜ አንሥቷታል። ሰማዩ ጠርቶ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ ፀሐዩ ፍንትው ብሎ። ፎቶዎቹም ጥሩ ነበሩ፤ ወፏ ትግጣለች፣ ወፏ ትቆማለች፣ ወፏ ተኝታለች። ያላገኘው አንድ ነገር ነው፤ ወንዱ እንስቷን ሲያሽኮረምም። ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ሰው መተጫጨቱን ሳያይ ቢቀር አይሆንለትም።

እንግዲህ በዚያ የግንቦት ማለዳ ከጨፌው ሲደርስ ሰማዩ ወርዶ ከተራራው ጋር ተጣብቋል። ጭጋጉ በጓሳው ላይ እየተጎተተ ይሄዳል፣ ካፊያው ይወርዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይወርዳል። ጋጥ የለቀቁ ላሞች ጥላ የሌላቸው ሆነው ቆመዋል። ልጁ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ ወደ ሰማይ አየና ፊቱን አዞረ።

ከጉብታው ላይ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን ተደግፈው ከብት ይጠብቃሉ። ከሰላምታው በኋላ ጠየቁት።

«ምነው ልጄ፣ ሳትቀመጥ ልትመለስ ነው?»

«ብርሃን የለም አባቴ። ፀሐይ ሲወጣ ልምጣ ብዬ ነው።»

«ምን ልታነሳ ነበር?»

«ይብራዎቹን። ወንዱ ሴቷን ሲያጫውት።»

አዛውንቱ በበትራቸው ወደ ውሃው አመለከቱ። «ፀሐይ ሲወጣማ ከመጣህ ሲግጡ ነው የምታገኛቸው። እኔ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ጀምሮ የማውቀው ይህን ነው፤ ይብራ የሚጫወተው ሰማዩ ሲከብድ፣ መሬቱ ውሃ መጠጣት ሲጀምር ነው። ይልቅ አረፍ በልና እይ።»

ልጁም ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ደመና ከፎቶ አንሺ እጅ ምን ያህል እንደሚወስድ ልንገራችሁ። በጠራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ የሚባለው የካሜራው ብርሃን የመቀበያ መጠን 100 ላይ ሲሆን፣ ሌንሱ በኤፍ 5.6 ሲከፈት፣ ሹተሩ በ1/800 ሰከንድ ይሠራል። ድፍን ደመና ሲመጣ ብርሃኑ ሦስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ ይቀንሳል፤ ያው ሹተር 1/100 ላይ ይወርዳል። ጭጋግና ካፊያ ሲታከልበት ሁለት ጊዜ ደግሞ ይቀንስና 1/25 ይቀራል። በ1/25 ሰከንድ ደግሞ የሚንጎራደድ ወፍ አንገቱ ይደበዝዛል፣ ዓይኑ ይጠፋል። የልጁ ሌንስ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። የቀረው በር አንድ ነው፤ አይኤስኦውን ማሳደግ። ከ100 ወደ 3200 ሲያደርሰው አምስት እጥፎች ተመለሱለት፤ ሹተሩም እንደገና 1/800 ላይ ቆመ።

ብዙ ሰው ይህን ቁጥር ይፈራል፣ ፎቶው ላይ ኖይዝ የሚባለው ነጠብጣብ ይበዛል ብሎ። ነጠብጣቡ መኖሩ እውነት ነው። ፎቶውን ይበልጥ የሚያበላሸው ግን አይኤስኦውን ዝቅ አድርጎ አጨልሞ አንሥቶ፣ ኋላ በኮምፒውተር አበራለሁ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ከጨለማው ውስጥ የተደበቀው ነጠብጣብ ሁሉ ይወጣል። በቂ ብርሃን አስገብቶ በ3200 የተነሣ ፎቶ አጨልመው በ800 አንሥተው ካበሩት ፎቶ አያንስም። ደግሞም ወፏ ዝም ብላ ስትቆም ሹተሩን ወደ 1/200፣ አይኤስኦውን ወደ 800 ማውረድ ይቻላል፤ ክንፏን ስታራግብ ወደ 1/1600 መውጣት ግድ ይላል። ስለዚህ ልጁ ጣቱን ከመዘውሩ ሳያነሳ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ነገር ጭጋጉ ነው። ካሜራ ነጭ ጭጋግ ሲያይ ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ወፏም ጥቁር ጥላ ብቻ ትሆናለች። ልጁ ይህን ከሠርግ ያውቀዋል፤ ነጭ ቬሎ የሞላው ፎቶ ሁልጊዜ ግራጫ ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከጭጋጉ ፊት ለሚያነሳው ፎቶ አንድ ስቶፕ፣ ማለትም አንድ እጥፍ ብርሃን፣ ጨመረ። ወፎቹ ከጨለመው እርጥብ ሣር ፊት ሲሆኑ ግን የጨመረውን መለሰ።

ሦስተኛው ርቀት ነው። በጭጋግ ውስጥ በካሜራውና በወፏ መካከል ያለው አየር ራሱ ውሃ ነው። ረዥም ሌንስ ያቀርባል፣ ጭጋጉን ግን አይገፋም። መፍትሔው ወፏ ራሷ እስክትቀርብ ዝቅ ብሎ መጠበቅ ነው። አዛውንቱም ይህንኑ ነገሩት፤ «ከላሞቹ ጋር ተቀመጥ። ላሞቹን አይፈሯቸውም።» ልጁ የዝናብ ልብሱን መሬት ላይ ዘረጋና በሆዱ ተኛ፤ ሌንሱ ከወፎቹ ዓይን እኩል ሆነ።

በመጀመሪያ የመጣችው ይብራ አልነበረችም። ከውሃው ዳር አንዲት ቡናማ የውሃ ዶሮ ብቅ አለች፤ ጭራዋን ከፍ ዝቅ ባደረገች ቁጥር ከሥሩ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። ይህች የሩዤ የውሃ ዶሮ ናት፤ እሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አትገኝም። ልጁ ሹተሩንና ፎከሱን በእሷ ላይ ሞከረ፣ አስተካከለ። ከዚያም ከጭጋጉ ውስጥ ፉጨት ተሰማ።

ሁለት ይብራዎች ሣሩን እየለዩ መጡ። ወንዱና እንስቷ በላባ አንድ ናቸው፤ በመጠን እሷ አነስ ትላለች። እሷ ጎንበስ ብላ ትግጣለች። እሱ መጋጡን ተወ። አንገቱን ወደ ኋላ ቆለመመ፤ ይህች ወፍ ስታርፍም ጭንቅላቷን ጀርባዋ ላይ ታሳርፋለች፤ አሁን የሆነው ግን ማረፍ አልነበረም። አንገቱ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ታጠፈ፣ ጭንቅላቱ ተገልብጦ ጀርባው ላይ ተኛ፣ ምንቁሩ ወደ ሰማይ ቀጥ አለ። ደረቱን ነፍቶ በእንስቷ ዙሪያ መንጎራደድ ጀመረ። ክንፉን ከጎኑ ለቀቅ አደረገና ያ ተደብቆ የነበረው ሰማያዊ ወጣ። ጉሮሮው ፈጣን ፉጨት ያፏጫል፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል።

ልጁ አነሳ።

እንስቷ ቀና አለች። ወንዱ በሌላ በኩል ዞረ፤ ጭጋጉ መጣና ዋጣቸው፤ ፉጨቱ ብቻ ቀረ። ልጁ አልተነሳም። በሠርግ ቢሆን ሙሽራውን «እስቲ እንደገና፣ ወደዚህ ዞር በል» ይለዋል፤ ሙሽራውም ይዞራል። እዚህ ማንንም ዙር ማለት አይቻልም። መጠበቅ ነው። ጭጋጉ ሲገፈፍ ሌላ ወንድ በውሃው ማዶ ቆሞ ነበር። የመጀመሪያው በዚያው አኳኋን፣ ጭንቅላቱን በጀርባው ላይ እንደ ገለበጠ፣ ወደ ባላንጣው ሄደ። ይህ ወፍ ፍቅሩንም ቁጣውንም የሚገልጠው በአንድ አቋቋም ነው፤ ለእንስቷ ያሳየውን ሰማያዊ ለባላንጣውም ያሳየዋል። ልጁ ሹተሩን 1/1600 ላይ፣ አይኤስኦውን 6400 ላይ አደረሰ። ክንፍ ተራገበ፣ ውሃ ተረጨ፣ እንግዳው በረረ። አሸናፊው ወደ እንስቷ ተመለሰና ዙሪያዋን መንጎራደዱን ቀጠለ። አሁን እሷም አብራው ተራመደች።

ኋላ በካሜራው መስኮት ያየውን ሲነግረኝ ድምፁ ይቀየራል። ሰማያዊው አለ። በጥቅምት ፀሐይ ያነሳቸው ፎቶዎች ላይ ያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነጥቶ ነጭ ለመሆን ትንሽ ይቀረው ነበር፤ ከክንፉ በታች ያለው ጥላ ደግሞ ጥቁር ነበር። በደመናው ብርሃን ግን ሰማዩ በሙሉ መብራት ሆነ፤ ብርሃኑ ከላይም ከጎንም መጣ፣ ጥላው ለዘበ፣ የደረቱ ላባ አንድ በአንድ ተለየ፣ የተገለበጠው ጉሮሮ ሳይቀር ታየ። የወፍ ላባ ሰማያዊ ከቀለም አይመጣም፤ ላባው በአሠራሩ ብርሃንን ሲበትን የሚወለድ ነው። ያን የመሰለ ስስ ነገር በብርቱ ፀሐይ ሥር ይገረጣል፣ በለስላሳ ብርሃን ሥር ግን ሞልቶ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ላምጣችሁ። ብርሃኑን የወሰደውና ወፎቹን ያጫጨው አንድ ደመና ነው። ለምን ቢሉ፣ ይብራ ሣር በል ናት፤ የምትፈልገውም ለምለም አጭር ሣርና ረግረግ ነው። ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ከሣር መካከል ትሠራለች፤ እንቁላሏን አንድ ወር ገደማ ትታቀፋለች። ጫጩቶቿ ሲፈለፈሉ ሣሩ መለምለም፣ ጨፌው ውሃ መያዝ አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያረሰርስ ትጫጫለች። በጣና ዙሪያ ያሉት ባለ ዘውድ ክሬኖችም በዝናቡ ወራት ነው የሚራቡት፤ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዘለሉ የሚጨፍሩባቸው የጣና ረግረጎች በፈረንጆች 2015 በዩኔስኮ ከተመዘገበው የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ናቸው። ፀሐይ ካልወጣ ካሜራዬን አላወጣም የሚል ሰው በእነዚህ ወፎች ሕይወት ትልቁን ምዕራፍ ሳያይ ይቀራል።

ደመናው ብቻውን ግን አይበቃም። ዝናቡን የሚቀበል ጨፌ ያስፈልጋል። ከአማኑኤል ብዙም በማይርቀው በጨሞጋ ተፋሰስ ላይ ተመራማሪው ወልደአምላክ በውቀት ያደረጉትን ጥናት ላንሣላችሁ። በፈረንጆች 2005 ስተርክ ከሚባል ሌላ ተመራማሪ ጋር ያሳተሙት ይህ ጥናት ከ1960 እስከ 1999 ያለውን የወንዙን ፍሰት መረመረ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው የደረቅ ወራት ፍሰት እየቀነሰ መሄዱ ተገኘ፤ የእነዚያ ወራት ዝናብ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ሰማዩ የሰጠውን ምድሩ መያዝ አቃተው ማለት ነው። ምክንያት ብለው የዘረዘሩት የተፈጥሮ ዛፍና ቁጥቋጦ መመንጠሩን፣ እርሻው መስፋቱን፣ ግጦሹ መብዛቱንና ባሕር ዛፍ መስፋፋቱን ነው።

አዛውንቱ ጥናቱን አላነበቡም፤ ነገሩን ግን ያውቁታል። ካፊያው ሲበረታ ልጁን ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ልጁም ካሜራውን እንደ ታሸገ ከበሩ አጠገብ አስቀመጠ፤ ከብርድ የገባ ሌንስ ምድጃ ያለበት ቤት ውስጥ ወዲያው ከተገለጠ በላብ ይሸፈናል፣ እርጥበቱም ወደ ውስጡ ይዘልቃል። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ። አዛውንቱም ተረኩለት። ጨፌው ድሮ እስከ ማዶው ጉብታ ይደርስ ነበር። አንዱ ወገን ቦይ ተቆፍሮለት ደርቆ ድንች ተዘራበት። ሌላው ወገን ባሕር ዛፍ ተተከለበት። የቀረው የወል ግጦሽ ነው፤ በእሱም ላይ ቦይ እንቆፍር የሚሉ አሉ። «የሚሉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም» አሉ አዛውንቱ፤ «መሬት የጠበባቸው ልጆች ናቸው። ግን ጨፌው ከደረቀ በበጋ ላሙ ምን ይጠጣል? ከታች ያለውስ ሰው?»

ልጁ ወደ አማኑኤል ወርዶ ፎቶውን አጠበ፤ ለሙሽሮች በሚያጥብበት መጠን፣ በዚያው ወረቀት። ይዞላቸውም ወጣ። አዛውንቱ ፎቶውን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። ልጁ ስለ ክንፉ እስኪናገሩ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ጣታቸውን ያሳረፉት ከወፎቹ እግር በታች ነው።

«ውሃው እንዴት ጥርት ብሎ ታየ!»

እውነታቸውን ነበር። ፀሐይ ቢኖር ኖሮ ነጸብራቁ ውሃውን ሊሸፍነው ይችል ነበር፤ በደመናው ግን የሣሩ ሥር፣ ጭቃው፣ በየሣሩ መካከል የተኛው ውሃ ሁሉ ተቆጥሮ ይታያል። ፎቶው የይብራዎች ፎቶ ነው፤ የጨፌውም ፎቶ ነው። አዛውንቱ በነጠላ ጠቀለሉት። ስለ ቦዩ በሚመከርበት ስብሰባ ላይ ይዘውት እንደሚሄዱ ተናገሩ፤ «እኔ ከምናገር ይኼ ይናገር» ብለው። ምክሩ ገና አላለቀም።

እናንተም ካሜራ ያላችሁ፣ ስልክም ቢሆን ያላችሁ፣ ይህን ያዙልኝ። ግንቦት ሲያልቅና ሰኔ ሲገባ፣ ሰማዩ ሲከብድ፣ ወደ ደጋው ጨፌ ውጡ። አይኤስኦውን ከማሳደግ አትፍሩ፣ ከጭጋጉ ፊት ብርሃን ጨምሩ፣ ከወፉ ዓይን እኩል ዝቅ በሉ። ጥንዱን አታሯሩጡ፤ ጎጆ ካያችሁ ሌንሳችሁን ክደኑና ራቁ፤ የጎጆውንም ቦታ ለማንም አትንገሩ። ያነሳችሁትን ፎቶ ደግሞ በመጀመሪያ ለጨፌው ባለቤቶች አሳዩ። ከተማ ያለው ሰው ያደንቀዋል፤ ጨፌው ውሃ ይዞ እንዲቆይ የሚወስነው ግን ከብቱን የሚያግድበት ገበሬ ነው፤ በእጁ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል።